አዲስ የጃዝ አልበም መርጦ እስከ መጨረሻው ለማድመጥ፦ ደረጃ በደረጃ

«ጃዝ ልጀምር ብዬ አዲስ አልበም ከፍቼ ነበር፤ ሁለተኛው ትራክ ላይ ተውኩት።» ይህን ከስንት ሰው እንደሰማሁ አላውቅም። ሰዎቹ ጆሮ አጥተው አይደለም። አልበሙም ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ነገሩ የሚበላሸው ገና ሳይጀመር ነው። ስልኩ ትራኮቹን ያምታታል፣ ስፒከሩ ባሱን ይውጠዋል፣ አድማጩ ደግሞ ማን ምን እየተጫወተ እንደሆነ ሳያውቅ ሁሉንም በአንዴ ለመረዳት ይታገላል።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ራሴ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። በወር ሁለት አልበም ይበቃችኋል። ሃያ ጀምሮ ከመተው ሁለቱን ሦስት ሦስት ጊዜ መስማት ይሻላል። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን አስተካክሉ

አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። አንዴ ከተሠራ ደግሞ አይደገምም። ይህን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ሙዚቃው አትግቡ።

1. ሹፍልን፣ ትራኮቹን የሚያምታታውን፣ አጥፉ። ነፃ አካውንት ላይ አንዳንድ አፖች ቅደም ተከተሉን በራሳቸው ያቀያይራሉ። እንዲህ ከሆነባችሁ አልበሙን ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ በሚሸጡበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ፣ ወይም በሙዚቀኛው ኦፊሴላዊ የዩቲዩብ ቻናል ፈልጉት።
2. ክሮስፌድን አጥፉ። የአንዱን ትራክ መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር የሚያደባልቀው እሱ ነው። ለጭፈራ ፕሌይሊስት ደህና ነው፤ ለጃዝ አልበም ግን መርዝ ነው።
3. ኦቶፕሌይን አጥፉ። አልበሙ ሲያልቅ ዝም ይበል። ካልጠፋ አፑ የሌላ ሰው ሙዚቃ ያስከትልና የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል።
4. ኢኳላይዘር ላይ «ባስ ቡስት» የሚል ነገር ካለ አንሱት። ባሱን ያሳብጠውና ሲምባሉን (የከበሮውን የነሐስ ሳህን) ይሸፍነዋል።
5. አልበሙን አስቀድማችሁ አውርዱት። ሶሎ (አንድ ሙዚቀኛ ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል) መሀል ላይ ኢንተርኔት ከተቆራረጠ ሐሳቡም አብሮ ይቆረጣል።

ክሮስፌዱን ንቄ አንድ ወር አጥቻለሁ። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪው ፍሎቲንግ ፖይንትስ፣ ሳክስፎኒስቱ ፋሮ ሳንደርስና የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ2021 ያወጡት «ፕሮሚስስ» የሚባል አልበም አለ። 46 ደቂቃ ነው፤ በዘጠኝ ክፍል ተከፍሎ ሳይቋረጥ ይፈሳል። አጭር የኖታ ሐረግ ደጋግማ ትመጣለች፤ በመሀሏ ያለው ዝምታም የሙዚቃው አካል ነው። እኔ ግን ሹፍልም ክሮስፌድም በርቶ ነበር የምሰማው። «ይሄን ያህል የተወራለት ለምንድን ነው?» እያልኩ ቆየሁ። አንድ ማታ ሁለቱንም አጥፍቼ ከመጀመሪያው ስጀምረው ሌላ አልበም ሆነብኝ።

አሁን ስፒከሩን ፈትሹ። የኮንትራባስ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባስ) ወፍራሙ ክር ወደ 41 ኸርዝ፣ በጣም ወፍራም ወደሆነ ድምፅ፣ ይወርዳል። የስልክ ስፒከር እዚያ አካባቢ ያለውን ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ በስልክ ስፒከር ጃዝ የሚሰማ ሰው ከባንዱ አንድ ሙሉ ሰው ጎድሎበታል። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን አድርጉ። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ባሲስቱ ብቻውን የሚጫወትበትን ቦታ ፈልጋችሁ መጀመሪያ በስልኩ፣ ቀጥሎ በኢርፎኑ ስሙት። በስልኩ የሚሰማችሁ የጣት ኳኳታ ብቻ ከሆነ፣ ለምን ሙዚቃው ባዶ ሲመስላችሁ እንደኖረ ገባችሁ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ድምፁን መጀመሪያ ላይ ከፍ አታድርጉ። የጃዝ ቀረጻ በጣም ዝቅ ካለ ተነስቶ በጣም ከፍ ሊል ይችላል። ዝቅ ባለው ቦታ የከፈታችሁት ድምፅ ከበሮው ሲገባ ጆሯችሁን ይጎዳል። መሀል ላይ አንድ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ድምፁን በዚያ ለኩ፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

ደረጃ 2፦ አዲስ የወጣውን የምታገኙበትን መንገድ ዘርጉ

ከሐምሌ 2015 ወዲህ በዓለም ደረጃ አዲስ አልበም የሚወጣው በአብዛኛው ዓርብ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ አትፈልጉ። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ መድቡ። ሌላውን ቀን ለመስማት ተዉት።

1. ሌብሎችን፣ ማለትም አልበም የሚያወጡትን ኩባንያዎች፣ ተከተሉ። ብዙ ሰው የሚከተለው ሙዚቀኛን ብቻ ነው። አንድ የጃዝ ሙዚቀኛ ግን በስሙ አልበም ለማውጣት ሁለትና ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሌብሉ በየጊዜው ያወጣል። ለመነሻ ስድስት ይበቃሉ፦ በ1939 የተመሠረተው ብሉ ኖት፣ ከ1969 ጀምሮ ያለው የሙኒኩ ኢሲኤም፣ ኢምፐልስ፣ የቺካጎው ኢንተርናሽናል አንተም፣ የኒው ዮርኩ ፓይ ሪከርዲንግስ፣ እና ፒያኒስቷ ክሪስ ዴቪስ ያቋቋመችው ፓይሮክላስቲክ።
2. ባንድካምፕ ላይ የእያንዳንዱን ሌብል ገጽ ካለው «ፎሎው» አድርጉ፤ ከሌለው የራሱን ድረ ገጽ ኒውስሌተር ተመዝገቡ። አዲስ ነገር ሲወጣ ኢሜይል ይመጣላችኋል።
3. ማስታወሻ ክፈቱና የአምስት ሙዚቀኛ ስም ብቻ ጻፉ። መሪዎችን ብቻ አትጻፉ፤ ድራመርና ባሲስትም ይኑርበት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ እመጣበታለሁ።

የአፑ አውቶማቲክ ፕሌይሊስት ላይ አትደገፉ። አፑ የሚመርጥላችሁ ከዚህ በፊት የሰማችሁትን የሚመስለውን ነው። «ለጥናት የሚሆን ጃዝ» አንዴ ከከፈታችሁ ደግሞ ለሳምንታት ያንኑ ለስላሳ ፒያኖ ያጠጣችኋል።

ደረጃ 3፦ ከመስማታችሁ በፊት አጣሩ

እያንዳንዱ አልበም ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

*ቀረጻው መቼ ነው?* ይህ ብዙ ሰው ያምታታል። የሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን «ቦዝ ዳይሬክሽንስ አት ዋንስ» የወጣው በ2018 ነው፤ የተቀረጸው ግን መጋቢት 6 ቀን 1963 ነው። የማኮይ ታይነርና የጆ ሄንደርሰን «ፎርስስ ኦፍ ኔቸር» በ2024 ወጣ፤ የተቀረጸበት ምሽት ግን የ1966 ነው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ነገር ግን «ዛሬ ጃዝ ምን ላይ ነው?» ብላችሁ ከመጣችሁ መልሱ እዚያ ውስጥ የለም። የወጣበትን ዓመት ሳይሆን የተቀረጸበትን ተመልከቱ።

*ሙሉ አልበም ነው ወይስ ነጠላ ትራክ?* ኩባንያዎች ከአልበሙ በፊት ሁለትና ሦስት ትራክ አስቀድመው ይለቃሉ። ዝርዝሩ ላይ ስድስት ትራክ ደብዝዞ ሁለቱ ብቻ የሚጫወት ከሆነ አልበሙ ገና ነው። ቀኑን ጻፉና እለፉ። ነጠላዎቹን ደጋግሞ መስማት የአልበሙን ቅርጽ ያበላሽባችኋል።

*እነማን ናቸው የተጫወቱት?* የተጫዋቾቹን ስም ሳታዩ አትጀምሩ። ማስታወሻ ላይ እንዲህ ጻፉት፦ ፒያኖ፣ እገሌ፤ ባስ፣ እገሌ፤ ድራም፣ እገሌ። አፑ ካላሳያችሁ የሌብሉ ወይም የባንድካምፕ ገጽ ላይ አለ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ እንኳ ጃዝ የምትሰሙበት መንገድ ይለወጣል። አምስት ሰው ሲያወራ ማን ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ጫጫታ ነው፤ ካወቃችሁ ጨዋታ ነው።

ከዚያ ቅምሻ አድርጉ። የመጀመሪያውን ትራክ የመጀመሪያ ሰላሳ ሰከንድ ሰምታችሁ አትፍረዱ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከመሀል አንድ ትራክ ምረጡ፣ ወደ ሁለተኛው ደቂቃ ሂዱ፣ አንድ ደቂቃ ስሙ። ከሌላ ትራክም እንዲሁ። «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ብላችሁ ከጠበቃችሁ አልበሙን ያዙት። ካልሆነ ተዉት። ሁሉም ለእናንተ አልተሠራም።

ከየትኛው ልጀምር?

በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ጆሯችሁ ቀስ እያለ ይለምዳል። ምርጫው የእኔ ነው።

1. ኤዝራ ኮሌክቲቭ፣ «ዳንስ፣ ኖ ዋንስ ዋችንግ»፣ 2024። የለንደን ልጆች ናቸው። በ2023 በቀደመው አልበማቸው የመርኩሪን፣ የብሪታንያና የአየርላንድ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማትን፣ ያሸነፈ የመጀመሪያው የጃዝ ባንድ ሆነዋል። ሰውነታችሁ ቀድሞ ይገባል፤ ጆሮ ይከተላል።
2. አምብሮዝ አኪንሙሲሬ፣ «አውል ሶንግ»፣ 2023። ትራምፔት፣ ጊታርና ድራም፤ ሦስት ሰው ብቻ። ጊታሩን የያዘው ቢል ፍሪዝል፣ ድራሙን ኸርሊን ራይሊ ነው። ማንም አይቸኩልም። ማን ምን እንደሚያደርግ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም።
3. ቻርልስ ሎይድ፣ «ዘ ስካይ ዊል ስቲል ቢ ዜር ቱሞሮው»፣ 2024። ሳክስፎኒስቱ 86 ዓመት በሞላው ቀን ነው የወጣው። ድርብ አልበም ስለሆነ በአንድ መቀመጥ አትሞክሩት፤ ለሁለት ቀን ክፈሉት።
4. ናላ ሲኔፍሮ፣ «ኢንድለስነስ»፣ 2024። አሥር ትራክ፣ ግን አንድ ወጥ ጉዞ። ክሮስፌዱ መጥፋቱን እንደገና አረጋግጡ።
5. ቪጄይ አየር፣ ሊንዳ ሜይ ሃን ኦ እና ታይሾን ሶሪ፣ «ኮምፓሽን»፣ 2024። ፒያኖ፣ ባስ፣ ድራም። ይህ ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ያደረግሁት። መግቢያ በር ካስፈለጋችሁ የስቲቪ ዎንደርን «ኦቨርጆይድ» ተጫውተውታል። ዋናውን ዜማ መጀመሪያ ስሙት፣ ከዚያ የእነሱን። የምታውቁት ነገር የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ትከታተላላችሁ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ዙር

ከአልበሙ ርዝመት አሥር ደቂቃ የበለጠ ጊዜ ያዙ። ስልኩን ገልብጡት። ሐሳብ የማይጠይቅ ነገር እየሠራችሁ መስማት ይቻላል፤ ልብስ ማጠፍ፣ በእግር መሄድ። ማንበብና መጻፍ ግን አይሆንም።

በዚህ ዙር ትእዛዙ አንድ ነው፦ አታቁሙ፣ አትዝለሉ። የሰለቻችሁ ትራክ ካለ ይሰልቻችሁ። ለመረዳትም አትሞክሩ። የሚፈለገው አልበሙ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚፈነዳ ማወቅ ብቻ ነው። ሲያልቅ ትዝ ያላችሁን ሁለት ቦታ ጻፉ። «አራተኛው ትራክ፣ ድራሙ ብቻውን የቀረበት» ይበቃል።

የኢሲኤም አልበም ከፍታችሁ ምንም ካልተሰማ ስልኩ አልተበላሸም። አምስት ሰከንድ ያህል ዝምታ ማስቀደም የሌብሉ ልማድ ነው። ጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛው ዙር፣ ባሱን ብቻ

ቢያንስ አንድ ሌሊት ይለፍ። ከዚያ አልበሙን ድጋሚ ክፈቱ። አሁን ግን ሳክስፎኑን ተዉት፣ ፒያኖውንም ተዉት። ባሱን ብቻ ተከተሉ።

መጀመሪያ ያስቸግራል። ጆሮ ወደሚጮኸው ይሮጣል። ሲያመልጣችሁ አትበሳጩ፤ ባሱን ፈልጋችሁ ተመለሱ። አንድ ትራክ ላይ አሥር ጊዜ ሊያመልጣችሁ ይችላል። በሦስተኛው ትራክ አካባቢ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ፦ ባሲስቱ በየምቱ አንድ አንድ ኖታ እየጣለ ይራመዳል፤ ሶሎ የሚጫወተው ሰው ሲሞቅ ደግሞ እሱም ከፍ ወዳለው ክር ይወጣል። ድራመሩ ሲምባሉን ይቀይራል። ሦስቱ እየተነጋገሩ ነው። እስከዛሬ የሰማችሁት የአንዱን ንግግር ብቻ ነበር።

ባስ የሌለበት አልበም ከሆነ፣ ለምሳሌ «አውል ሶንግ»፣ ድራሙን ተከተሉ። የትኛው እጅ እንደማያቆም ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ በሲምባሉ ላይ ያለው ነው።

ደረጃ 6፦ ሦስተኛው ዙር፣ ቅርጹን መቁጠር

ይህን ለአንድ ትራክ ብቻ አድርጉት፤ ለሙሉ አልበም አይደለም። በጣም የወደዳችሁትን ምረጡ።

ብዙ ጃዝ እንዲህ ይሄዳል፦ መሪ ዜማው ይሰማል፣ ከዚያ ተራ በተራ ሶሎ፣ መጨረሻ ላይ ዜማው ይመለሳል። ሶሎው ዝም ብሎ የሚፈስ ይመስላል እንጂ ከሥሩ የዜማው ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) እየተሽከረከሩ ነው። ያን ዙር ለማግኘት፦

1. እግራችሁን ከባሱ ጋር ምቱ።
2. የመጀመሪያውን ቁጥር እየቀየራችሁ ቁጠሩ፦ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሁለት-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሦስት-ሁለት-ሦስት-አራት። እያንዳንዱ አራት ምት አንድ ባር ነው።
3. ዜማው ሲያልቅ ስንት ባር እንደደረሳችሁ ጻፉ። 12 ከሆነ ብሉዝ ሊሆን ይችላል። 32 ከሆነ የተለመደው የዘፈን ቅርጽ ነው።
4. ሶሎው ሲጀምር ከአንድ እንደገና ቁጠሩ። ዙሩ ሲሞላ ድራመሩ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ሲምባል ይመታል ወይም ቶሞቹን (ትንንሾቹን ከበሮዎች) ያንከባልላል።

መለኪያ እንዲሆናችሁ፦ ሙዚቃው በደቂቃ 160 ምት ቢሄድ 32 ባር 48 ሰከንድ ይፈጃል። ቁጥራችሁ ዙሩ ሳይሞላ ከጠፋ ዝግ ባለ ትራክ ጀምሩ።

ቁጥሩ ጭራሽ አልገጥም ካለ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። የዛሬ ሙዚቀኞች በአምስትም በሰባትም ምት ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ ቅርጽ የሚባል ነገር የለውም። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነ ተዉት፤ «ኢንድለስነስ»ን የመሰለ አልበም በመቁጠር አይከፈትም። እዚያ የድምፁን ቀለም ተከተሉ፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ መቼ ጨለመ፣ መቼ ፈካ።

ደረጃ 7፦ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገሩ

የወደዳችሁት አልበም ላይ ልባችሁን የነካው ሰው ማን ነበር? መሪው ላይሆን ይችላል። የቻርልስ ሎይድን አልበም ስሰማ እኔን የያዘኝ ድራመሩ ብራያን ብሌድ ነው። ሲያስፈልግ በሹክሹክታ ይመታል፤ ከየት እንደመጣ ሳታውቁት ደግሞ ነጎድጓድ ይሆናል። ስሙን ይዤ ስፈልግ የሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) ውስጥ ለዓመታት እንደተጫወተ አገኘሁ፤ ከዚያ በ2022 ወደወጣው የጆሹዋ ሬድማን «ሎንግጎን» ደረስኩ። የዚያኑ የሎይድ አልበም ባሲስት ላሪ ግሬናዲየርን ብትከተሉ ደግሞ ወደ ፒያኒስቱ ብራድ ሜልዳው ትሪዮ (የሦስት ሰው ባንድ) ያደርሳችኋል።

ደረጃ 2 ላይ ድራመርና ባሲስት ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። እነዚህ ሰዎች ከብዙ መሪ ጋር ስለሚሠሩ ከአንድ ስም አምስት አልበም ይወጣል። በየወሩ ከዝርዝሩ አንድ ስም አውጡ፣ አንድ አስገቡ።

ሲበላሽ ምን ላድርግ?

*ሁሉም ትራክ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።* ያለማቋረጥ ብዙ ሰምታችኋል፤ ጆሮ ደክሟል። ሁለት ቀን ምንም ጃዝ አትስሙ። ስትመለሱ የመሣሪያ ዓይነት ቀይሩ። ሳክስፎን ሲበዛባችሁ ወደ ቫይብራፎን ሂዱ፤ ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወተው ያ ነው። ከአዲሶቹ የፓትሪሺያ ብሬናን «ብሬኪንግ ስትሬች»፣ 2024፣ አለ።

*እንቅልፍ ወሰደኝ።* ተኝታችሁ አትስሙ። ይህ አልፈታው ካለ ከአራተኛው ትራክ ጀምሩ። የአልበሙ ሁለተኛ አጋማሽ እኮ ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ይቀራል።

*ጫጫታ ሆነብኝ፣ ራሴን አመመኝ።* ድምፁን ቀንሱ፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ያዙ። አሁንም ካመማችሁ አቁሙ። ማስታወሻ ላይ «ከስድስት ወር በኋላ» ብላችሁ ጻፉት። እኔ እንዲህ አቆይቼ የተመለስኩባቸው አልበሞች ዛሬ በጣም ከምወዳቸው ውስጥ ናቸው።

*የምወደው ሙዚቀኛ አዲሱ ሥራው ሌላ ሆነብኝ።* ምን እንደተለወጠ አስቀድማችሁ እዩ። ሻባካ ሃቺንግስን በሚያቃጥል ሳክስፎኑ ያወቀ ሰው በ2024 የወጣውን አልበም ሲከፍት ዋሽንት ነው የሚጠብቀው፤ ሳክስፎኑን አስቀምጦ ነበር። የድሮውን እየጠበቃችሁ ከሰማችሁት አዲሱ ያመልጣችኋል። እንዲህ ያለ አልበም ላይ የመጀመሪያውን ዙር ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ ከዚያ ወደ ባሱ ሂዱ።

*ወደድኩት፣ አሁንስ?* አቅም ካላችሁ ግዙት። ባንድካምፕ ላይ ከሆነ ከ2020 ጀምሮ በተመረጡ ዓርቦች ድርጅቱ የራሱን ድርሻ ስለሚተው ያን ቀን ጠብቁ። ፋይሉን ካወረዳችሁ በኋላ የተጫዋቾቹን ስም የጻፋችሁበትን ማስታወሻ ከአልበሙ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡት።